በቅጠል ሆድ ውስጥ የሚኖር ፍጡር
(ስለ ቡና ቅጠል ቦርቧሪ)



ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን፣ በሐይቃችን ዳር ዓሣ እየጠበቀ ስለሚቆመውም ስለ አባ ኮዳ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ግን ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ስሙንም ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነገር ግን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታናሽ ፍጡር ነው። ይኸውም የቡና ቅጠል ቦርቧሪ የሚባለው የእሳት እራት ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም። በዚህ ፍጡር ምክንያት አንድ ዘመዴን በማላውቀው ነገር መክሬ ለጉዳት ላደርሰው ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የካቲት ወር አጎቴ ከይርጋ ዓለም ወዲያ ካለው አገሩ ወደ ሐዋሳ መጥቶ አዲስ ከተማ በሚገኘው ቤታችን አደረ። ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ጥቂት የቡና ቅጠሎች ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። በቅጠሎቹ ፊት ላይ በእሳት የተለበለበ የሚመስል ሰፊ ቡናማ እድፍ ነበረባቸው። «አንተ ተማሪ ነህ፤ ይህ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና «በሽታ ነው፤ ቶሎ መድኃኒት ይረጭበት» አልሁት። አጎቴም ደስ አለው። አንድ የሚያውቀው ሰው ፀረ ተባይ መድኃኒትና የሚረጭበትን መሣሪያ ላምጣልህ ብሎት ኖሯል፤ ገንዘቡንም ሊበደር አስቦ ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርኋቸው። እሳቸው ግን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ለመሆኑ ቅጠሉን ከፍተህ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ ብርሃን አቀናሁት፤ በእድፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥላ አየሁ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ የላይኛውን ስስ ቆዳ ገለጥሁት። ቆዳው እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩም ጥቃቅን ነጫጭ ትሎች በገዛ ፋንድያቸው መካከል ተጋድመው ተገኙ። በሽታ ያልሁት ነገር ሆድና አፍ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ቅጠል መቦርቦር ማለት ምን ማለት ነው?

የአንድ ዛፍ ቅጠል ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ድርብ ነገር ነው። ከላይ አንድ ስስ ቆዳ፣ ከታችም ሌላ ስስ ቆዳ አለው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ለምለሙ የቅጠሉ ሥጋ ይገኛል። ዛፉ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ምግቡን የሚያዘጋጀው በዚህ ሥጋ ውስጥ ነው። ቅጠል ቦርቧሪ የሚባሉት ነፍሳት ልጆቻቸው በዚህ መካከል ገብተው፣ በጋቢ ድርብ ውስጥ እንደ ገባ ሰው ከላይም ከታችም ተሸፍነው፣ ለምለሙን ሥጋ ብቻ እየበሉ የሚያድጉ ናቸው። ሁለቱን ቆዳዎች አይነኩም፤ ቆዳዎቹ ቤታቸው ናቸውና። ሥጋው ሲያልቅ ግን የላይኛው ቆዳ ይደርቅና ቡናማ ይሆናል። ሰው በሽታ ወይም የፀሐይ ቃጠሎ ነው የሚለው ይህንኑ ነው።

ይህን ዓይነት ኑሮ የሚኖሩት የእሳት እራቶች ብቻ አይደሉም። ከዝንቦች፣ ከጢንዚዛዎችና ከተርብ ዘመዶችም ቅጠል ቦርቧሪዎች አሉ። ኑሮው አዲስ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ፤ ሊቃውንት ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው፣ ወደ ድንጋይነት በተለወጡ ቅጠሎች ላይ የእነዚህን ነፍሳት መንገድ ተቀርጾ አግኝተዋል። ጥቅሙም ግልጽ ነው። በቅጠል ውስጥ ያለ ትል ፀሐይ አያደርቀውም፤ ዝናብ አያጥበውም፤ ምግቡንም ለመፈለግ ከቤቱ አይወጣም። ቤቱም እንጀራውም አንድ ነው።

ስለ ስሙና ስለ ታሪኩ

የቡና ቅጠል ቦርቧሪ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በአፍሪካ ሳይሆን በባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ጌሬን ሜንቪልና ፔሮቴ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በአንቲል ደሴቶች የቡና ተክልን ስለሚያጠቃ አንድ ነፍሳት ጽፈው አሳተሙ። ያ ዝርያ ዛሬ ሌውኮፕቴራ ኮፌላ ይባላል፤ በብራዚል የቡና ገበሬዎችን ከሚያስቸግሩት ተባዮች አንዱ ነው። ሌውኮፕቴራ የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ «ነጭ ክንፍ» ማለት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘውም ብዙ ዘመን ከዚሁ ከአሜሪካው ጋር አንድ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ግን በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙት የተለዩ መሆናቸው ታወቀና የየራሳቸው ስም ወጣላቸው። አንደኛው ሌውኮፕቴራ ካፌይና ተባለ፤ በአገራችን ቡና ላይ በተባይነት የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ሌውኮፕቴራ ሜይሪኪ ተባለ። ይህ ሁለተኛው ስም የኤድዋርድ ሜይሪክን ስም የያዘ ነው።

ስለ ሜይሪክ ጥቂት ልበል፤ ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የሚስማማ ታሪክ ነውና። ሜይሪክ እ.ኤ.አ. በ1854 ተወልደው በ1938 ያረፉ እንግሊዛዊ ነበሩ። ሥራቸው የትምህርት ቤት መምህርነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1914 ማርልቦሮ በሚባለው ትምህርት ቤት የጥንት ግሪክና ላቲን አስተምረዋል። ከማስተማሩ ጋር ግን ሌላው ሰው የማይመለከታቸውን እጅግ ጥቃቅን የእሳት እራቶች እየመረመሩ፣ ከ10,000 ለሚበልጡ ዝርያዎች ስምና መግለጫ ሰጥተዋል። ከዚህ ሥራ ከፊሉ ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ በተረፈ ጊዜ የተሠራ ነው።

የኑሮው ሥርዓት

የዚህን ፍጡር ሕይወት በአራት ክፍል ከፍለን ልንመለከተው እንችላለን። ይኸውም ዕንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬና ባለ ክንፍ ነው።

እናቲቱ ዕንቁላሏን የምትጥለው በቡናው ቅጠል የላይኛው ፊት ነው። ዕንቁላሉ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰ ነው። ሁለቱን የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያዎች ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ እዚህ ላይ ይገኛል። ካፌይና ዕንቁላሎቿን በቅጠሉ ዋና ጅማት አጠገብ ጎን ለጎን አስጠግታ፣ እንደ ዶቃ በተርታ ትደረድራቸዋለች። ሜይሪኪ ግን በቅጠሉ ፊት ላይ እዚህም እዚያም ትበትናቸዋለች።

ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ዕንቁላሉ ይፈለፈላል። እጩ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ዕንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር በተጣበቀበት በኩል ቀዶ በቀጥታ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለዚህኛው አይሠራም፤ እግሩን አውጥቶ ሳይሄድ በበሩ ሥር ይሰወራልና። ካፌይና ዕንቁላሎቿን በተርታ ስለምትደረድር ልጆቿ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን እየበሉ፣ ቤቶቻቸው ተገናኝተው አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሆናሉ። አጎቴ ባመጣው ቅጠል ላይ በአንድ እድፍ ውስጥ ብዙ ትል ያየሁት ስለዚህ ነው።

እጩ በቅጠሉ ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከ2 ሳምንት ተኩል እስከ 5 ሳምንት ያህል ይቆያል። ካደገ በኋላ የቅጠሉን ቆዳ በጨረቃ ቅርጽ ቀዶ ይወጣና በሐር ክር ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ባገኘው ቅጠል ሥር ወይም መሬት ላይ በወደቀ ደረቅ ቅጠል ላይ ነጭ የሐር መጠለያ ይሠራል። የመጠለያው ቅርጽ የላቲኑን «ኤች» ፊደል ይመስላል፤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ አለው። በዚያ ውስጥ ሙሽሬ ሆኖ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይተኛል። ከዚያም ባለ ክንፍ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ነው፣ በክንፉ ጫፍ አካባቢ ጥቁር ነጥብ አለው፣ 2 ሳምንት ያህል ይኖራል። በዚህም ጊዜ አንዲቱ እናት እስከ 75 የሚደርስ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዑደቱ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ቅጠል የዛፍ ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ የተቃጠለበት ቤተሰብ እንደሚራብ፣ ቅጠሉ የተቦረቦረበት ቡናም ይራባል። ክፉኛ የተቦረቦረ ቅጠል ጊዜው ሳይደርስ ይረግፋል፤ ቅጠሉ የረገፈበት ቅርንጫፍም ፍሬውን በሚገባ ሊያሳድግ አይችልም። ይሁን እንጂ ጥቂት እድፍ የታየበት ዛፍ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም። ለምለም ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢያጣ ሌላ ያበቅላል። የሚያሰጋው ተባዩ ያለ ልክ ሲበዛ ነው። ታዲያ ያለ ልክ እንዳይበዛ የሚከለክለው ማን ነው? አጎቴን ላሳስተው የነበርሁት ይህን ስላላወቅሁ ነው።

በጠርሙስ ውስጥ ያየሁት

መምህራችን ቅጠሉን ከከፈትሁ በኋላ «እንግዲህ ደግሞ ምን እንደሚወጣ ጠብቅ» አሉኝ። ወደ አጎቴ ስልክ ደውዬ መድኃኒቱ ጥቂት ሳምንት እንዲቆይ ለመንሁት። እሱም «ትናንት ቶሎ ይረጭ አልህ፤ ዛሬ ይቆይ ትላለህ፤ የቱን ልስማ?» አለኝ። ነቀፌታው ተገቢ ስለ ነበር ዝም አልሁ። ቢሆንም እሺ አለኝና እድፍ ያለባቸውን 12 ቅጠሎች ከነቅርንጫፋቸው በመኪና ላከልኝ።

ቅርንጫፎቹን እርጥብ ጥጥ አልብሼ በማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ አስቀመጥሁ፤ አፋቸውንም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በክር አሰርሁ። ከ10 ቀን ያህል በኋላ መጀመሪያ ነጭ የእሳት እራት ታየ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣ። ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቁ፣ ቀጭን ወገብ ያላቸው ፍጡራን በነጠላው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጡ ጀመር። ጉንዳን መስለውኝ ነበር፤ ክንፍ ግን ነበራቸው። ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ የእሳት እራቶቹ 5፣ ጥቋቁሮቹ 11 ሆኑ።

መምህራችን ጠርሙሱን ተመልክተው ጥገኛ ተርቦች መሆናቸውን ነገሩኝ። እነዚህ ተርቦች ሰው አይነድፉም። እናቲቱ በቅጠሉ ላይ እየተመላለሰች በውስጥ ያለውን ትል ትፈልገዋለች፤ ስታገኘውም እንደ መርፌ በቀጠነ አካሏ የቅጠሉን ቆዳ ወግታ ዕንቁላሏን በትሉ ላይ ወይም በትሉ ውስጥ ትጥላለች። የተርቧ ልጅም ትሉን በልቶ ያድጋል። ስለዚህ በአጎቴ ቅጠል ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ ትሎች በቁማቸው የተፈረደባቸው ነበሩ። በ12 ቅጠል ብቻ ስለ ማሳው ሁሉ መናገር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለአጎቴ የምለውን ግን ለወጠው።

ከጎረቤት አገር የተገኘ ትምህርት

አሁን መድኃኒቱ ቢረጭ ምን ይሆን ነበር? ይህን ለመመለስ ከጎረቤታችን ከኬንያ የተገኘ ትምህርት አለ። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሁሉን ነፍሳት የሚገድል ኃይለኛ መድኃኒት በቡና እርሻ ላይ በብዛት ይረጭ ጀመር። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ ብዙ የማያሳስብ የነበረው ቅጠል ቦርቧሪ ከቀንደኞቹ ተባዮች አንዱ ለመሆን በቃ። ምክንያቱም የሚያስገርም አይደለም። ትሉ በቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ተርቧ ግን በቅጠሉ ፊት ላይ በግልጽ ትመላለሳለች። መርዙ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠባቂውን እንጂ ሌባውን አይደለም። የተረፉትም ቦርቧሪዎች ያለ ጠባቂ ይራባሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በሌላ በኩል ጠባቂ የሌለው ቅጠል ቦርቧሪ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ከቲማቲም ገበሬዎቻችን መማር እንችላለን። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪም የእሳት እራት ነው፤ ስሙን ያወጡለት እነዚያው መምህር ሜይሪክ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከፔሩ በተገኘ ናሙና ገልጸውታል። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባ፤ በ2012 ደግሞ በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ታየ። ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ስለሚቦረቡር ቲማቲም አምራቾችን ክፉኛ ጎድቷል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ በአገሩ የሚያሳድዱት ጠላቶች አብረውት አልመጡም። የቡናው ቦርቧሪ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ጠላቶቹም በጓሯችን ይኖራሉ። ይህን ሀብት በገንዘብ ገዝተን ማጥፋት የለብንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዛፍ ላይ እድፍ ሲታይ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቀንቶ መመልከትና መክፈት ነው። በውስጡ ትል ካለ ቦርቧሪ ነው፤ ትል ከሌለ ሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። የቅጠል ዝገትና ሌሎች የሻጋታ በሽታዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ የሚጠይቁትም ሌላ ዘዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመርጨት በፊት መቁጠር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የቡና ገበሬዎች ዛፉን ነቅንቀው የሚበሩትን ነጫጭ የእሳት እራቶች እንዲቆጥሩ ይመከሩ ነበር። ቁጥሩ በየሳምንቱ እየጨመረ ሲሄድ ብቻ ባለሙያ ይጠየቃል። ለእኛ አካባቢ በይርጋ ዓለም አጠገብ የሚገኘው የአዋዳ የግብርና ምርምር ንዑስ ማእከል፣ ለመላው አገሪቱም የጅማ የግብርና ምርምር ማእከል ስለ ቡና የሚያጠኑ ናቸው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት አስፈላጊ ቢሆን እንኳ ቡና ባበበ ጊዜ መርጨት አይገባም። አበባው በዝናብ ማግሥት ሲፈነዳ ንቦች ይሰፍሩበታል። አጎቴ በቡናው መካከል የንብ ቀፎዎች አሉት። የእኔ ምክር ቢፈጸም ኖሮ ማሩም አብሮ ይጠፋ ነበር።

አንዳንድ ሰው የጥላ ዛፍ ብቻ ሁሉን ይፈውሳል ይላል። ለቡና የጥላ ጥቅም ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ዋንዛውና ብርብራው በከንቱ አልቆሙም። ነገር ግን ሜይሪኪ ፀሐይ የሚያገኘውን ቡና ሲወድ፣ ካፌይና ጥላ ያለበትን እንደሚመርጥ ተመልክቷል። ስለዚህ ጥላ ብቻውን መድኃኒት ነው ብሎ መደምደም ያው የእኔን የመጀመሪያ ስሕተት በሌላ መንገድ መድገም ይሆናል።

መደምደሚያ

የአጎቴ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። በሚያዝያ ወር ከቤተሰቤ ጋር ወደ አገሩ ወርጄ ነበር። ጠርሙሱን ከነተርቦቹ ይዤ ሄድሁና አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «እነዚህን በየዓመቱ አያቸዋለሁ፤ ዝንብ ይመስሉኝ ነበር» አለ። ገንዘቡን አልተበደረም። ዝናቡ ገብቶ ስለ ነበር ቡናው አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ በማሳው ዳርቻ ያሉ ጥቂት ዛፎች ግን አሁንም እድፍ አለባቸው። ቡናው ፈጽሞ ዳነ ብዬ አልጽፍም። አጎቴ በየሳምንቱ እሑድ ዛፎቹን እየነቀነቀ ይቆጥራል፤ ቁጥሩንም በስልክ ይነግረኛል፤ እኔም በደብተሬ እጽፋለሁ።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ! ዘመዶቻችን እኛን ተማሪ ነህ፣ ተማሪ ነሽ ብለው ሲጠይቁን ከአፋችን በሚወጣው ቃል ላይ ገንዘባቸውንና ድካማቸውን ያውሉበታል። ስለዚህ የማናውቀውን «ቆይ፣ ልመልከተው» ለማለት አንፈር። ወላጆቻችንም የልጆቻቸውን መልስ ከመቀበላቸው በፊት «ከፍተህ አይተኸዋል?» ብለው ቢጠይቁን ለእኛም ለእነርሱም ይበጃል። በግቢያችሁ ቡና ካለ፣ ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ ወጥታችሁ አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አቅኑ።